አሥራ አራት ካርቶን ስፓይደርማን፦ ሀብት ነው ወይስ ወረቀት?

ባለፈው ወር አንድ የመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ብለው ነበር። ጋሼ የዚህ ገጽ የቆዩ አንባቢ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ስለ ባንክ አክሲዮን ወይም ስለ ክር ዋጋ ሊጨቃጨቁ ነው። ያን ዕለት ግን ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንድ ፎቶግራፍ አሳዩኝ። በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ አሥራ አራት ነጫጭ ካርቶኖች ናቸው።

“አንተ የኢኮኖሚክስ ሰው ነህ፤ እስቲ ይህን ተምንልኝ” አሉ።

ካርቶኖቹ የሟች ወንድማቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዋሽንግተን ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ሰው ነበሩ። በካርቶኖቹ ውስጥ ወደ 2,100 የሚጠጉ የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔቶች አሉ። የሚበዙት የስፓይደርማን ሲሆኑ የቀሩት የሌሎች ጀግኖች ናቸው። ሟች በሕይወት ሳሉ ለቤተሰቡ “እነዚህን እንዳትነኩ፤ የልጄ ኮሌጅ ናቸው” ይሉ ነበር። ልጁ ግን ኮሌጁን በብድር ተምሮ ጨረሰ፤ ካርቶኖቹም ሳይነኩ ቀሩ።

አሁን ጥያቄው የውርስ ጥያቄ ሆኗል። ከሟች 8,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተርፏል። ልጁ “በዚህ ገንዘብ የጎደሉትን የድሮ ቁጥሮች ገዝተን ስብስቡን ብናሟላው ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል” የሚል ሐሳብ አቅርቧል። አዲስ አበባ ያሉት እህት ደግሞ “ወረቀቱ ይሸጥ፣ ገንዘቡም ይከፈል” ብለዋል። ጋሼ በመካከል ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። ጥጥ ከፖሊስተር በእጃቸው ዳስሰው የሚለዩ ሰው፣ ሽማግሌ የሆኑበትን ዕቃ ግን አያውቁትም።

ይህ ጸሐፊም እንደ አቅሙ መረጃ ሰበሰበ፤ ከልጁም ጋር በስልክ ተነጋገረ። የተገኘው ነገር ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ዕቃ “ነገ ይወደዳል” ብሎ ለሚያስቀምጥ ሁሉ ይጠቅማል በሚል እዚህ ቀርቧል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ12 ሣንቲም የተጀመረ ንግድ

ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1962 ቀን በወጣው “አሜዚንግ ፋንታሲ” ቁጥር 15 ላይ ነው። ደራሲው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ፣ አሳታሚው ማርቬል ነበሩ። ዋጋው 12 ሣንቲም ነበር። መጽሔቱ ሊዘጋ የተወሰነበት በመሆኑ ያ ቁጥር የመጨረሻው ሆነ። ገጸ ባሕሪው ግን ስለተወደደ በመጋቢት 1963 ቀን “አሜዚንግ ስፓይደርማን” ቁጥር 1 በራሱ ስም ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። ፒተር ፓርከር የሚባል አባትና እናት የሌለው፣ አክስቱ ያሳደጉት፣ የቤት ኪራይ የሚያሳስበው የኒውዮርክ ወጣት ሸረሪት ነክሳው ኃይል ያገኛል። ወንጀለኛን ይይዛል፤ ኪሱ ግን አይሞላም። የአሜሪካ አንባቢ ይህን ልጅ ከሌሎቹ ጀግኖች ለይቶ የወደደው ችግሩ የራሱን ችግር ስለሚመስል ነው ይባላል። የታክሲ ነጂው ልጅም በስልክ ያለኝ ይህንኑ ነው፦ “እኛም ቤት ኪራይ ነበር የሚወራው።”

የመጀመሪያው ተከታታይ እስከ 1998 ድረስ 441 ቁጥር ወጥቷል። ለአዲስ ሰብሳቢ ግራ መጋባት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1999 ኩባንያው ቆጠራውን ሰርዞ እንደገና ከቁጥር 1 ጀመረ። 58 ቁጥር ከወጣ በኋላ በ2003 የድሮውንና የአዲሱን ደምሮ “ቁጥር 500” አለ። በ2012 መጨረሻ ቁጥር 700 ደረሰ። ከዚያም በ2014፣ በ2015፣ በ2018፣ በ2022 እና በ2025 እንደገና ቁጥር 1 ተባለ። በጠቅላላው “አሜዚንግ ስፓይደርማን ቁጥር 1” የሚባል መጽሔት ሰባት ጊዜ ወጥቷል ማለት ነው።

ለምን? መልሱ የነጋዴ መልስ ነው። ቁጥር 1 ከቁጥር 442 ይልቅ ይሸጣል። አዲስ ገዥ “ከመሐል አልገባም” ብሎ ይፈራል፤ ሰብሳቢ ደግሞ “ቁጥር 1 አያምልጠኝ” ብሎ ይሻማል። ስለዚህ በአንድ ወገን አንባቢን ለመሳብ፣ በሌላ ወገን ሰብሳቢን ለማሯሯጥ ቆጠራው ይታደሳል። የመጽሔቱን ስምና ቁጥር ብቻ ይዞ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የሞዴሉን ዘመን ሳይናገር “ቶዮታ ስንት ነው?” እንደሚል ሰው ነው። ስም፣ ቁጥርና ዓመት ሦስቱ አንድ ላይ ካልተነገሩ ዋጋ የለም።

ሁለት ሸቀጥ በአንድ ስም

የዚህ ገበያ ቁልፍ፣ በአንድ መጽሔት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች እንዳሉ መረዳት ነው። አንደኛው ታሪኩ ነው። ሁለተኛው ወረቀቱ ነው።

የታሪኩ አቅርቦት ወሰን የለውም። ማርቬል የድሮዎቹን ታሪኮች ደጋግሞ ያትማቸዋል። “ማርቬል ቴልስ” የተባለው መጽሔት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። ከ1987 ጀምሮ “ማስተርወርክስ” የተባለው በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ ዕትም መጣ። በ1996 ርካሹ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው “ኤሴንሽያል” ተከተለ። ትልልቆቹ “ኦምኒበስ” ጥራዞችና ከ2013 ወዲህ የሚታተመው “ኤፒክ ኮሌክሽን”ም አሉ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው በኢንተርኔት በደንበኝነት ክፍያ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቷል። በ1962 የወጣውን የመጀመሪያውን ታሪክ ለማንበብ ዛሬ ማንም ሰው ሀብታም መሆን አያስፈልገውም።

የወረቀቱ አቅርቦት ግን የተቆለፈ ነው። በ1962 የታተመ ቅጂ ዛሬ አይጨመርም፤ የሚቀነስ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ኮሚክ የልጆች ዕቃ ነበር። ልጆች አነበቡት፣ አጣጠፉት፣ ተለዋወጡት፤ እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሉት። ማንም ለትርፍ ብሎ አላስቀመጠውም። ውድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በ1983 ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በሰው እጅ የቀረው ጥቂት ቅጂ ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር የማይገናኝ ዋጋ ነበረው። በኋላ መጽሐፉ በነፃነት ሲታተም ታሪኩን ማንበብ ለሁሉም ተቻለ። የመጀመሪያውን ዕትም የያዘ ሰው ግን ሌላ ዕቃ ይዟል። አንዱ መጽሐፍ ነው፤ ሌላው ቅርስ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ገዥ ለመጽሐፍ የቅርስ ዋጋ ይከፍላል።

34 በመቶ ትርፍ በየዓመቱ?

በመስከረም 2021 ሄሪቴጅ የተባለው የአሜሪካ ሐራጅ ቤት አንድ “አሜዚንግ ፋንታሲ” ቁጥር 15 በ3.6 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። 12 ሣንቲም በ59 ዓመት 3.6 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ፣ በየዓመቱ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወልዷል ማለት ነው። በዶላር እንዲህ ያለ ወለድ በየዓመቱ የሚከፍል ባንክ የለም። ሌሎችም አሉ። የሱፐርማን መነሻ የሆነው የ1938ቱ “አክሽን ኮሚክስ” ቁጥር 1 አንድ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በጋዜጣ የሚወጣው እንዲህ ያለው ዜና ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ የጎደለው ነገር አለ። ያ የ3.6 ሚሊዮን ቅጂ በአሥር ነጥብ መለኪያ 9.6 ያገኘ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ አዲስ የሚመስል ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። በ1962 ተገዝተው የጠፉት፣ የተቀደዱት፣ ቅጠል የተጠቀለለባቸው ቅጂዎች ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ አልገቡም። ሎተሪ የደረሰውን አንድ ሰው ብቻ ቆጥሮ “ሎተሪ ያከብራል” እንደማለት ነው። በዚያው ዓመት በዚያው 12 ሣንቲም የተሸጡ፣ ዛሬ ማንም ስማቸውን የማያነሣቸው ሌሎች መጽሔቶችም ነበሩ።

የደረጃ አመዳደቡ ራሱ ለቡና ነጋዴ ወዲያው ይገባዋል። ከ2000 ጀምሮ ሲጂሲ የተባለ ድርጅት ኮሚኮችን መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም በፕላስቲክ ያሽጋል። የሽፋኑ ቀለም፣ የጀርባው እጥፋት፣ የስቴፕለር ሽቦው ዝገት፣ የወረቀቱ ንጣት ሁሉ ይታያል። አንደኛ ደረጃ ቡናና አምስተኛ ደረጃ ቡና ከአንድ ማሳ ቢመጡም ዋጋቸው እንደማይገናኝ ሁሉ፣ 9.8 እና 6.0 ያገኙ ሁለት ቅጂዎችም እንዲሁ ናቸው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ቡናው ይጠጣል፤ የታሸገው ኮሚክ ግን አይነበብም። ካነበቡት ማሸጊያው ይፈርሳል፤ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል።

አየር በአየር በአሜሪካ

የጋሼ ወንድም ካርቶኖቹን የሞሉት በአብዛኛው ከ1990 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በ1980ዎቹ የድሮ ኮሚኮች ዋጋ እየጨመረ መሄዱ በአሜሪካ ጋዜጦች ይዘገብ ጀመር። “እናቴ ባትጥልብኝ ኖሮ” የሚለው ቁጭት የሕዝብ ጨዋታ ሆነ። ከዚያ ብዙ ሰው “እንግዲያው አዲሱን ገዝቼ አስቀምጣለሁ” አለ። ኩባንያዎቹም ይህን አዩ። በ1990 በቶድ ማክፋርሌን የተጻፈውና የተሣለው “ስፓይደርማን” የተባለ አዲስ መጽሔት ቁጥር 1፣ በተለያየ ቀለም ሽፋንና በላስቲክ ታሽጎ ጭምር ወጣ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። በ1991 “ኤክስሜን” ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ወጥቶ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ታዘዘ። በ1992 ሱፐርማን “ሞተ” ተብሎ በጥቁር ላስቲክ የታሸገው ቁጥር 75 በሚሊዮኖች ሄደ።

ስምንት ሚሊዮን ሲባል ስምንት ሚሊዮን አንባቢ አልነበረም። አንድ ሰው አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ቅጂ ይገዛ ነበር። የጋሼ ወንድም ሃያ አምስት ገዝተዋል። አሁንም በላስቲካቸው አሉ።

መደብሮቹ ያተረፉት ዕዳ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኮሚክ ልዩ መደብሮች ከአከፋፋይ የሚገዙት በቅናሽ ነበር፤ በምትኩ ያልተሸጠው አይመለስም። በጋዜጣ መሸጫ ግን ያልተሸጠው ተመላሽ ነበር። ስለዚህ ፍላጎቱ በአንድ ጊዜ ሲቆም፣ ክምችቱ ሁሉ በመደብሩ ባለቤት ትከሻ ላይ ቀረ። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ዕቃ ብርቅ ሊሆን አይችልም። ይህ በታወቀ ጊዜ ዋጋው ወደቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ መደብሮችም ተዘጉ።

ማርቬል ራሱም አልተረፈም። በ1989 ባለሀብቱ ሮን ፔሬልማን በ82.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝተውት ነበር። በ1991 አክሲዮኑ በኒውዮርክ ገበያ ቀረበ፤ ኩባንያው ሌሎች ኩባንያዎችን በብድር ገዛ፤ የራሱን ማከፋፈያም ያዘ። በታኅሣሥ 1996 ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ።

ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን ልብ ይበሉ። በ2002 የመጀመሪያው ትልቅ የስፓይደርማን ፊልም ወጥቶ ገበያውን አጥለቀለቀው። በ2009 ዲስኒ ማርቬልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። ዲስኒ የከፈለው ለወረቀት አይደለም። የከፈለው ለታሪኩ፣ ለገጸ ባሕሪያቱ ባለቤትነት ነው። በካርቶን የተቀመጠው ወረቀት ግን ከዚያ አራት ቢሊዮን አንድ ሣንቲም አልደረሰውም። ሁለቱ ሸቀጦች የተለያዩ ናቸው ያልነው ለዚህ ነው።

በቅርቡም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2020 እና በ2021፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የብዙ ታዋቂ ቁጥሮች ዋጋ አሻቀበ፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ወረዱ። በጥር 2025 ለዐሥርት ዓመታት ገበያውን የተቆጣጠረው አከፋፋይ ዳይመንድ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ። ገበያው አለ፤ የተረጋጋ ገበያ ነው የሚል ግን ደላላ ብቻ ነው።

እንዴት ይነበባል?

“ከስልሳ ዓመት በላይ የወጣን ነገር ማን ሊጨርሰው ይችላል?” ብለው ጋሼ ጠይቀውኝ ነበር። ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ከሥሩ ጀምሮ በተራ መሄድ ነው። ለዚህ የኢንተርኔቱ ደንበኝነት ይረክሳል። ነገር ግን ኪራይ ነው። ክፍያው ሲቆም መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ሌላም እንቅፋት አለው። ከ1976 ጀምሮ “ስፔክታኩላር ስፓይደርማን”፣ ከ1985 ጀምሮ “ዌብ ኦቭ ስፓይደርማን”፣ ከ1990 ጀምሮ “ስፓይደርማን” የሚባሉ እህት መጽሔቶች ነበሩ። ከ1994 እስከ 1996 በተካሄደው “የክሎን ታሪክ” ዘመን አንዱ ታሪክ በአራቱም ላይ እየተዘዋወረ ይቀጥል ነበር። አንዱን ብቻ የያዘ መሐል መንገድ ይቀራል። የሽያጭ ዘዴ መሆኑ ለነጋዴ አይጠፋውም።

ሁለተኛው በደራሲና በሠዓሊ ዘመን መምረጥ ነው። የዲትኮ የመጀመሪያዎቹ 38 ቁጥሮች በ1966 ያበቃሉ፤ ቀጥሎ የጆን ሮሚታ ዘመን ይመጣል። በ1973 የወጡት ቁጥር 121 እና 122፣ የፒተር ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ የምትሞትበት ታሪክ፣ አንድ ዘመን የሚዘጋ ነው። የ1987ቱ “የክሬቨን የመጨረሻ አደን” ራሱን ችሎ ይነበባል። በ2001 የጀመረው የስትራዚንስኪ ዘመንም ለአዲስ ሰው መግቢያ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በተጠረዘ መጽሐፍ ይገኛሉ። ጊዜ ለሌለው ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ወሩን እየጠበቁ አዲሱን መግዛት ነው። ደስታው በመጠበቁ ነው፤ ትርፍ ግን አይጠበቅበትም። እንደ ጋዜጣ ተገዝቶ፣ እንደ ጋዜጣ ተነብቦ የሚቀመጥ ነው።

እንዴት ይሰበሰባል?

ከማንበብ ቀጥሎ “ወረቀቱንም እፈልጋለሁ” ላለ ሰው ገበያው የሚያስተምረው ሕግ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ “ሙሉ ስብስብ” የሚለው ቃል ያታልላል። ከ1963 እስከ 1998 ካሉት 441 ቁጥሮች ውስጥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ገንዘቡን የሚበሉት መጀመሪያዎቹ ናቸው። ቁጥር 1፣ ግሪን ጎብሊን የታየበት ቁጥር 14፣ እንዲሁም ራሱ “አሜዚንግ ፋንታሲ” 15 በመጥፎ ይዞታ እንኳ ዋጋቸው ከባድ ነው። ዘጠና በመቶውን ማሟላት ቀላል ነው፤ የቀረው አሥር በመቶ ከዘጠናው ሁሉ ይበልጣል። ቤት ሠርቶ መሠረቱን መጨረሻ ላይ እንደመግዛት ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ያላቸው ቁጥሮች ምክንያት አላቸው። አንድ ገጸ ባሕሪ መጀመሪያ የታየበት ወይም ትልቅ ነገር የሆነበት ቁጥር ነው። ፐኒሸር የታየበት የ1974ቱ ቁጥር 129፣ ቬኖም ሙሉ ሆኖ የወጣበት የ1988ቱ ቁጥር 300 ምሳሌ ናቸው። ፊልም ይሠራል ሲባል ዋጋቸው ይጨምራል፤ ፊልሙ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። በወሬው የገዛ በዜናው ይሸጥለታል።

ሦስተኛ፣ ከ1970 ጀምሮ የሚወጣው የኦቨርስትሪት የዋጋ መመሪያ መጽሐፍ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን መመሪያ እንጂ ገዥ አይደለም። እውነተኛው ዋጋ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ የተከፈለበት ነው። በመደብር ለመሸጥ የሄደ ሰው ደግሞ ባለቤቱ ከሚሸጥበት በእጅጉ ባነሰ ዋጋ እንደሚገዛው ይወቅ። ኪራይና ትርፍ አለበት፤ አይፈረድበትም።

አራተኛ፣ ማስቀመጥም ወጪ ነው። እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ወረቀት ይበላሉ። ላስቲክ፣ ካርቶን፣ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ የደረጃ ማውጫና የሐራጅ ክፍያ ተደምረው ካልተቀነሱ ትርፉ የስም ነው።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ “ለሰብሳቢዎች” ተብሎ የተሠራን ዕቃ ለትርፍ አይግዙ። ብርቅነትን አሳታሚው አያትመውም።

የአሥራ አራቱ ካርቶን ሒሳብ

አሁን ወደ ጋሼ ጉዳይ እንመለስ። ሟች ለ2,100 መጽሔት በአማካይ 1 ዶላር ከ50 ሣንቲም ቢከፍሉ፣ ያወጡት ወደ 3,150 ዶላር ነው። ልጁ ወደ አንድ መደብር ፎቶግራፍ ልኮ ያገኘው መልስ “በጅምላ ለአንዱ 25 ሣንቲም” የሚል ነው፤ 525 ዶላር ማለት ነው። ሃያ አምስቱ የ“ኤክስሜን” ቁጥር 1 በዚህ ሒሳብ ስድስት ዶላር ከሩብ ያወጣሉ። ያ 3,150 ዶላር በ1992 በዓመት 5 በመቶ በሚከፍል ቦታ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ በ33 ዓመት ከ15,000 ዶላር በላይ ይሆን ነበር።

የጎደሉት ቁጥሮች ከ1 እስከ 120 ያሉት ናቸው። የ8,000 ዶላሩ ዕቅድ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚገባው በጣም ውድ ወደሆነው ክፍል ነው፤ ያም ሆኖ አይበቃም። ቢበቃም እንኳ ውዱን ከርካሹ ጋር በአንድ ካርቶን ማኖር ርካሹን አያስወድደውም። ገዥ ሲመጣ ውዶቹን መርጦ ይወስዳል፤ ሁለት ሺሁ እዚያው ይቀራሉ።

ይህን ለልጁ በስልክ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ “አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ሁለት ቦርሳ ይዞ ይመጣ ነበር። አንዱ ለካርቶን ነው፤ አይነካም። ሌላው ለእኔ ነው፤ እንዳነብበት። ካርቶኑን የጀመረው በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ከነዳጅ ማደያ አንድ አንድ ብቻ ነበር የሚገዛልኝ።”

“እነዚያስ የታሉ?” አልኩት።

አልጋው ሥር በጫማ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ሠላሳ ያህል መጽሔት ናቸው፤ ከ1987 እስከ 1989 የወጡ። ፎቶግራፋቸውን ላከልኝ። ጠርዛቸው ተላልጧል፤ ጀርባቸው ተሰንጥቋል። በአንዱ ሽፋን ላይ በልጅ እጅ በስክሪብቶ ስም ተጽፎበታል። ከመካከላቸው የግንቦት 1988ቱ ቁጥር 300 አለ። ሟች 1 ዶላር ከ50 ሣንቲም ከፍለውበታል። ልጁ ለአንድ ሻጭ ሲያሳየው፣ ስም የተጻፈበትና የተጣጠፈ መሆኑ እየታየ፣ ከመቶ ዶላር በላይ ቀረበለት። ይህ አንድ መጽሔት ያወጣው ዋጋ ከአራት መቶ የታሸጉ መጽሔቶች የጅምላ ዋጋ ይበልጣል።

ከዚህ ተነሥቶ “የሚነበበው ሁሉ ያተርፋል” የሚል ሕግ ማውጣት አይቻልም። በጫማ ካርቶኑ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ዶላር የማያወጡ ናቸው። ዕድልም አለበት። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ያን ቁጥር በ1988 የገዛው ብዙው ሰው ሊያነብበው ነው የገዛው፤ ስለዚህም አረጀ፤ ስለዚህም በጥሩ ይዞታ የተረፈው ያንሳል። በ1991 የገዛው ግን ሊያስቀምጥ ነው የገዛው፤ ስለዚህም ሁሉም አስቀመጠ።

ቤተሰቡ ባለፈው ሳምንት ወሰነ። 8,000 ዶላሩ ለሦስት ተከፈለ፤ የአዲስ አበባዋ እህት ድርሻቸውን አግኝተዋል። አሥራ ሁለት ካርቶን በጅምላ ይሸጣል፤ ሙሉ ታሪክ ያላቸው ሁለት ካርቶኖች ለንባብ ይቀራሉ። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ቁጥር 300ን እንዲሸጠው የሰጠሁትን አስተያየት አልተቀበለም። “የተጻፈው ስም የእኔ ነው፤ ከሥሩ የእሷን ትጽፋለች” አለኝ። ዋጋው ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ ያውቀዋል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ትንሽ አሰቡና፣ “ወንድሜ እንግዲህ ሞኝ ነበር ማለትህ ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

አይደለም አልኳቸው። ብዙ ሺህ ሰው፣ ከዚያም አልፎ በኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ የነበረ ኩባንያ፣ በአንድ ዓመት የሠሩትን ስሕተት ነው የሠሩት። የእርሳቸው ለየት የሚለው፣ ከስሕተቱ በፊት በየቅዳሜው የገዙት አንድ አንድ መጽሔት ለልጁ የደረሰ መሆኑ ነው።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ተለመደው ነገር ተመለስን፤ የዚያን ባንክ አክሲዮን አሁን መግዛት ይሻላል ወይስ የትርፍ ድርሻው እስኪታወቅ መጠበቅ? እኔም መልሼ ጠየቅኋቸው፦ “ጋሼ፣ እርስዎ የሚገዙት ባንኩን ነው ወይስ ሰው ሁሉ ሲገዛ ስላዩ?”